የግራውንድ ሽቦው ስንት ይሁን?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ይሰማና ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የቤትና የሙያ ዝግጅታችን እነሆ ሰዓቱን ጠብቆ ቀርቧል።

በጥያቄ ልጀምር። እንጀራ ስትጋግሩ ምጣዱ ነዝሯችሁ ያውቃል? እጃችሁ በሊጥ ረጥቦ የምጣዱን ጠርዝ ነካ ስታደርጉ፣ እስከ ክንዳችሁ ድረስ ውርር ብሏችሁ ያውቃል?

በብዙ ቤት ለዚህ የተለመደ መላ አለ። ላስቲክ ጫማ አድርጎ መጋገር፣ ወይም ከእግር ሥር ጣውላ ማድረግ። እናቶቻችን ልጆቻቸውን ሲመክሩበት የኖሩት ነገር ነው። ጫማው በእርግጥ ይረዳል። ችግሩን ግን ከሥሩ አያነሳውም። ጫማው የተረሳ ዕለት፣ ወይም ሕፃን ልጅ በባዶ እግሩ መጥቶ ምጣዱን የነካ ዕለት፣ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

የሚነዝር ምጣድ ምን እየነገረን ነው? ከፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ፣ የወጣ ኤሌክትሪክ ወደ ምጣዱ የብረት አካል መድረሱን ነው። እዚያ ደርሶም መሄጃ አጥቷል። መሄጃ ሲያጣ በእኛ ሰውነት በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። መሄጃው መሆን የነበረበት የግራውንድ ሽቦ ነው።

የዛሬው ርዕሳችን ይኸው ሽቦ ነው፤ በተለይ ደግሞ ውፍረቱ። ከማከፋፈያ ቦርዱ የሚነሳው የግራውንድ ሽቦ ስንት ይሁን? ባለ 6? ባለ 10? ባለ 16? የሚወስነውስ ምንድን ነው?

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ መጀመሪያ ሽቦው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ እንከተለው። ከጊቢው ጥግ እንጀምር። መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ወይም የመዳብ ዘንግ አለ። ከዘንጉ ራስ ላይ በማሰሪያ የተያዘ ሽቦ ይነሳና በግድግዳው ወጥቶ ቦርዱ ውስጥ ይገባል።

ቦርዱ ውስጥ ብዙ ብሎን ያለው የመዳብ ወይም የናስ ዘንግ ታገኛላችሁ። ይህ የግራውንድ ባር ነው። ከባሩ ደግሞ ቢጫና አረንጓዴ የለበሱ ሽቦዎች ከፌዝና ከመመለሻው ሽቦ፣ ከኒውትራል፣ ጋር አብረው ወደ እያንዳንዱ ሶኬት ይሄዳሉ። ከሶኬቱም በመሰኪያው በኩል ወደ ምጣዱ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ ወደ ፍሪጁ የብረት አካል ይደርሳሉ።

ከመሬት እስከ ምጣዱ ጠርዝ ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ ሰንሰለት ነው። በመሃሉ ማብሪያ ማጥፊያም ሆነ ፊውዝ አይገባበትም። አንድ ቦታ ከተቋረጠ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዕቃ ግራውንድ የለውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ቤታችሁ ውስጥ ያለውን የምጣድ ገመድ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ገበያ ላይ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ይዘው የሚመጡ ምጣዶች አሉ፤ ፌዝና ኒውትራል ብቻ። ጊቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ ተቀብሮ፣ ቦርዱ በሥርዓት ተሠርቶ፣ ሶኬቱ ሦስት መስመር ኖሮት፣ የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ትጎድላለች። ያ ሁሉ ወጪ ምጣዱ ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ ዛሬውኑ እዩት። ገመዱ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ባለሙያ በባለ ሦስት ሽቦ ይቀይርላችሁ፤ ሦስተኛውንም ሽቦ ከምጣዱ ብረት ጋር በብሎን ይሰርላችሁ። ባለ ሁለት ቀዳዳ የማከፋፈያ ገመድም እንዲሁ ሰንሰለቱን ይቆርጠዋል።

(የሽግግር ድምፅ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ። አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል።

ሁለተኛ ድምፅ፦ በግራውንድ ሽቦ ላይ እኮ በደኅናው ጊዜ ኤሌክትሪክ አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ነው። ታዲያ ቀጭን ቢሆን ምን አለበት?

አቅራቢ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ቤት የተበላሸውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው። የጊቢያችሁን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አስቡ። በበጋ ደርቆ ይቆያል። ስፋቱ ግን የሚወሰነው በነሐሴ ጎርፍ ነው። የግራውንድ ሽቦም ውፍረቱ የሚለካው በአዘቦት ቀን በሚሄድበት ኤሌክትሪክ ሳይሆን፣ ፌዙ ብረት በነካባት በዚያች ቅጽበት በሚወርድበት ነው።

በዚያች ቅጽበት ምን ያህል ይወርዳል? ምጣድ በጤናው ሲሠራ የሚወስደው ከ16 እስከ 18 አምፔር አካባቢ ነው። ፌዙ በቀጥታ ብረት ነክቶ ጥሩ የመመለሻ መንገድ ሲያገኝ ግን በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ አምፔር ይፈስሳል። ቦርዱ ውስጥ ያለው መቁረጫ፣ ብሬከሩ፣ ይህን አይቶ በቅጽበት መውደቅ፣ ማለትም መስመሩን መቁረጥ፣ አለበት። የግራውንድ ሽቦው ግዴታ፣ ብሬከሩ እስኪወድቅ ድረስ ሳይቀልጥና ልባሱ ሳይቃጠል መቆየት ነው።

ልድገመው። የግራውንድ ሽቦ ሥራው ብሬከሩ እስኪወድቅ ድረስ ከረንቱን ችሎ መሸከም ነው።

ታዲያ ስንት ይሁን? እኛ አገር ኤሌክትሪኩ በአንድ ፌዝ 220 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ነው። ሽቦውም የሚለካው በሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ቀላል ደንብ አስቀምጧል። ወረቀትና እርሳስ አያስፈልጋችሁም፤ አዳምጡኝና በቃላችሁ ያዙት።

መነሻው የፌዙ ሽቦ ውፍረት ነው። ፌዙ እስከ 16 ከሆነ፣ ግራውንዱ ከፌዙ እኩል ይሁን። ፌዙ ከ16 አልፎ እስከ 35 ከሆነ፣ ግራውንዱ 16 ይበቃዋል። ፌዙ ከ35 በላይ ከሆነ፣ ግራውንዱ የፌዙ ግማሽ ይሁን።

ሁለተኛ ድምፅ፦ እስከ 16 እኩል። እስከ 35 ድረስ 16። ከዚያ በላይ ግማሽ።

አቅራቢ፦ ይህ ደንብ ፌዙም ግራውንዱም መዳብ ሲሆኑ ነው። በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት ጊቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ እንበል። ከቆጣሪው ወደ ቦርዱ የሚገባው ፌዝ ባለ 10 የመዳብ ሽቦ ነው። ግራውንዱስ? 10 ከ16 በታች ስለሆነ እኩል፤ ባለ 10። ወደ ሶኬቶቹ የሚሄደው ባለ 2.5 ከሆነ የሶኬቱም ግራውንድ ባለ 2.5። ለምጣዱ ለብቻው ባለ 4 ከተዘረጋለት ግራውንዱም ባለ 4።

ሌላ ምሳሌ። ወፍጮ ቤት ነው፤ ሦስት ፌዝ ያስገባል፤ እያንዳንዱ ፌዝ ባለ 25 ነው። ግራውንዱ ስንት ይሁን? ሦስቱን ፌዝ ደምረን 75 ልንል ነው? አይደለም። የምናየው የአንዱን ፌዝ ውፍረት ነው። 25 ከ16 በላይ ከ35 በታች ስለሆነ አንድ ባለ 16 ግራውንድ ይበቃል።

ሕንፃ ቢሆንስ? ፌዙ ባለ 70 ከሆነ ግራውንዱ 35። ፌዙ ባለ 120 ቢሆን ግማሹ 60 ይመጣል፤ ባለ 60 ሽቦ ግን ገበያ ላይ የለም። ያን ጊዜ ወደ ላይ ወዳለው ቀጣይ መጠን፣ ወደ 70 እንሄዳለን። ወደ ታች ወደ 50 አንወርድም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የሙያ ተማሪዎች «ይህ ደንብ ከየት መጣ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ከጀርባው ስሌት አለ። በአደጋው ጊዜ የሚፈሰውን ከረንት በራሱ ታባዙታላችሁ፤ ብሬከሩ ለመውደቅ በሚወስድበት ሴኮንድ ታባዙታላችሁ፤ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ታወጣላችሁ፤ ከዚያ ለ143 ታካፍላላችሁ። 143 ፒ.ቪ.ሲ. ለለበሰና ለብቻው ለሚዘረጋ የመዳብ ሽቦ የተሰጠ ቁጥር ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ እንሥራው። ከረንቱ 1000 አምፔር ነው፤ ብሬከሩ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ወደቀ። ውጤቱ 2.2 ይሆናል። ስለዚህ ባለ 2.5 ሽቦ ይችለዋል። አሁን ከረንቱን ሳንነካ፣ ብሬከሩ አንድ ሙሉ ሴኮንድ ዘገየ እንበል። ውጤቱ 7 ይሆናል። ባለ 2.5 ብቻ ሳይሆን ባለ 4ም፣ ባለ 6ም አይችሉትም፤ ባለ 10 ያስፈልጋል።

ልዩነቱን ልብ አላችሁት? የተቀየረው ጊዜው ብቻ ነው። ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ መዘግየት በቂ የነበረው ሽቦ ግድግዳ ውስጥ የሚቃጠል ሽቦ ሆነ።

አሁን ደግሞ በየሰፈራችን የሚሠራ አንድ ነገር አስቡ። ባልቦላ፣ ማለትም ፊውዝ፣ ይቃጠላል። መግዣ ጊዜ የለም፤ ልጆች መብራት ይፈልጋሉ። ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይጠመዘዝና በቦታው ይታሰራል። መብራት መጣ፤ ሁሉም ደስ አለው። ነገር ግን ያ ባልቦላ ከዚያ በኋላ ቶሎ አይቃጠልም። ግራውንድ ሽቦው በተገቢው ውፍረት የተሠራ ቢሆንም ሳይችል ይቀራል፤ ምክንያቱም ስሌቱ የተሠራው በጊዜው ለሚቆርጥ ባልቦላ ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከርን አውጥቶ ባለ 40 መተካትም ያው ነው።

እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። የምታውቁት ሰው ሲያደርገውም ዝም አትበሉ።

(የሽግግር ድምፅ)

አቅራቢ፦ ከቦርዱ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ለብቻው የሚነገርለት ነገር አለው። ለዚያች እናት ቤት ባለ 10 ግራውንድ ብለን ነበር። ሽቦው ግን አፈር ውስጥ ሲገባ ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። እርጥበት ያዝገዋል፤ ዶማና አካፋ ይነካዋል።

ስለዚህ ባዶውን፣ ያለ ልባስ የሚቀበር የመዳብ ሽቦ ከሆነ ከ25 አያንስም። ልባስ ያለው ሆኖ ነገር ግን ቱቦ ውስጥ ካልገባ ከ16 አያንስም። ልባስም ቱቦም ካለው ቅድም በነገርኳችሁ ደንብ ይሄዳል። አልሙኒየም ደግሞ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበላልና አይቀበርም።

ግድግዳ ላይ ለብቻው የሚጎተት ግራውንድም ካለ፣ ቱቦ ውስጥ ከሆነ ከ2.5፣ ቱቦ ከሌለው ከ4 አይነስ። ስሌቱ ከዚያ ያነሰ ቢል እንኳ።

ወደ ዘንጉ እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ቆርጦ ቀብሮ «ግራውንድ ሠራሁ» የሚል አለ። ፌሮ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከአፈሩ ይለየዋል። ጨውና ከሰል ጉድጓዱ ውስጥ መጨመርም የቆየ ልማድ ነው። ጨው ለጥቂት ጊዜ ይረዳል፤ ከዚያ የክረምት ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፤ እስከዚያው ደግሞ ዘንጉንና ማሰሪያውን እየበላ ነው።

አፈሩም ራሱ ከወቅት ወቅት ይለያያል። መረሬ አፈር በክረምት እርጥበት ይዞ ለግራውንድ የተመቸ ነው። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ዘንጉን ከአፈሩ ያላቅቀዋል። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይቸገራል። ነሐሴ ላይ ተለክቶ «ጥሩ ነው» የተባለ ግራውንድ ሚያዝያ ላይ ጥሩ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው በደረቁ ወራት አስለኩ የምለው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ከዛሬው ሁሉ ይበልጥ እንድትሰሙኝ የምፈልገው አሁን የምናገረውን ነው። ወፍራም የግራውንድ ሽቦ አስገብቶ፣ ጥሩ ዘንግ ቀብሮ፣ ብሬከሩ ግን የማይወድቅበት ቤት አለ። እንዴት?

ኤሌክትሪክ የሚመለሰው ወደ ተነሳበት ወደ ትራንስፎርመሩ ነው። ግራውንዱ ከኒውትራሉ ጋር በሕግ በተፈቀደ ቦታ ተገናኝቶ ከሆነ የሚመለሰው በብረት ነው፤ ከረንቱ ይበዛል፤ ብሬከሩ ይወድቃል። እንዲህ ካልተገናኘ ግን የሚመለሰው በአፈር በኩል ነው። አፈር ደግሞ እንደ መዳብ አያስተላልፍም።

ዘንጋችሁ ከአፈሩ ጋር ያለው ተቃውሞ ሲለካ 50 ኦም መጣ እንበል። 220ን ለ50 አካፍሉ። 4.4 አምፔር! ባለ 20 አምፔር ብሬከር 4.4 አምፔር አይቶ ይወድቃል? አይወድቅም። ለእርሱ ጥቂት አምፖሎች እንደ በሩ ነው። ምጣዱ ግን ገዳይ ቮልት እንደያዘ ይቆያል። ሽቦውን ከባለ 10 ወደ ባለ 50 ብታሳድጉት እንኳ ለውጥ የለም፤ ያነቀው ሽቦው ሳይሆን አፈሩ ነው።

መፍትሔው ኧርዝ ሊኬጅ የሚባለው መቁረጫ ነው። ይህ ዕቃ በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይጠብቃል። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ፣ ማለትም ከአንድ አምፔር መቶኛ ሦስት እጅ ሲደርስ፣ ይቆርጣል። ለእርሱ 4.4 አምፔር እጅግ ብዙ ነው። ሶኬቶችን የሚመግብ ቦርድ ይህ ሳይኖረው መሥራት የለበትም ብዬ አምናለሁ። በላዩ ላይ ቲ የሚል ፊደል ያለበት ቁልፍ አለው፤ በወር አንዴ ተጫኑት። ካልቆረጠ ባለሙያ ጥሩ።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ግራውንድ የሌለበት ቤት ነው የተከራየሁት። ኤሌክትሪሺያኑ ኒውትራሉን ከምጣዱ ብረት ጋር አስሮልኝ መንዘሩን ተወ። ጥሩ ሠራ?

አቅራቢ፦ አልሠራም፤ በፍጥነት ይፈታ! ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ፣ ምሰሶም ላይ ይሁን ቦርድ ውስጥ፣ የተቋረጠ ዕለት የምጣዱ ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። መንዘሩን የተወው ለጊዜው ነው።

የውኃ ቧንቧን ግራውንድ ማድረግም እንዲሁ አይፈቀድም። ቧንቧ ሠራተኛው አንድ ክፋይ ብረት አውጥቶ ፕላስቲክ የተካ ዕለት ግራውንዳችሁ ይቋረጣል፤ እናንተም አታውቁም። ቤታችሁ የብረት ቧንቧ ካለው ቧንቧው ራሱ ከግራውንድ ባሩ ጋር መታሰር አለበት፤ ያ ሽቦ ከዋናው ግራውንድ ግማሽ ይሁን፤ ከ6 ግን አይነስ።

(የሽግግር ድምፅ)

አቅራቢ፦ ውጭ አገር ዘመድ ላላችሁ አንዲት ነገር። አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም እህት ቤት ለሚሠሩ ወላጆቹ ጥሩ ሽቦ ገዝቶ ሊልክ ይችላል። እዚያ ሽቦ የሚጠራው በሌላ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ሽቦው ይቀጥናል። የአሜሪካው 6 ቁጥር በእኛ ልኬት 13 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። የአሜሪካው 14 ቁጥር ደግሞ 2 ብቻ ነው። «ባለ 14 ነው፣ ለ10 ፌዝ ይበቃል» ብሎ ያሰረ ሰው ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛ የሚሆን ሽቦ አስሯል። የአሜሪካ ደንብ ደግሞ ወደ ሶኬቶችና ወደ መሣሪያዎች የሚሄደውን ግራውንድ በብሬከሩ አምፔር ነው የሚወስነው፤ ስለዚህ ከእዚያ ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር ቀድታችሁ እዚህ አትሥሩበት።

አድማጮቻችን፣ ቦርድ ከፍታችሁ ራሳችሁ እንድትነካኩ አልመክራችሁም። ከቆጣሪው በኋላ ያለው መስመር የባለቤቱ ኃላፊነት ነው፤ ሥራው ግን የብቃት ፈቃድ ላለው ባለሙያ ነው። እናንተ ግን መጠየቅ ትችላላችሁ። «ፌዜ ስንት ነው? ግራውንዴ ስንት ነው? ዘንጉ ሲለካ ስንት ኦም መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልኩንም በወረቀት ጽፎ ይስጣችሁ።

ቤት በማሠራት ላይ ያላችሁ ደግሞ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት አንድ ቀን በየክፍሉ ዙሩ። በእያንዳንዱ የሶኬት ሳጥን ውስጥ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ ልባሱ ላይ የታተመውን ቁጥርም አንብቡ። ልስኑ ካለቀ በኋላ ለመቀየር ግድግዳ መፍረስ አለበትና ይህን ሥራ ለነገ አታሳድሩት።

ለዛሬ በዚሁ እንሰነባበት። ሳምንት በዚሁ ሰዓት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)